ማጊ ሊና ዎከር

ማጊ ሊና ዎከር (እ.ኤ.አ. 1864 – 1934) በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት፣ የማኅበር መሪና ነጋዴ ነበሩ። በአሜሪካ ባንክ መሥርተው በፕሬዚዳንትነት በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የወጣትነት ዘመን

እናታቸው ኤሊዛቤት ድሬፐር ቀድሞ በባርነት የኖሩ ሴት ነበሩ። የእንጀራ አባታቸው በ1876 ሞተው ጄምስ ወንዝ ውስጥ ከተገኙ በኋላ እናትየው ልብስ በማጠብ ቤተሰቡን ያስተዳድሩ ነበር፤ ማጊም የታጠበውን ልብስ ለደንበኞች ያደርሱ ነበር። በ1883 ትምህርታቸውን ጨርሰው መምህርት ሆኑ። በ1886 አርምስቴድ ዎከር የተባሉትን የግንባታ ተቋራጭ ሲያገቡ ግን ባለትዳር ሴት ማስተማር ስለማይፈቀድላት ሥራቸውን ለቀቁ።

ማኅበሩና ባንኩ

በ14 ዓመታቸው የገቡበት የቅዱስ ሉቃስ ነጻ ማኅበር እንደ ዕድር አባላቱን ሲታመሙ የሚረዳ፣ ሲሞቱ የሚያስቀብር ነበር። በ1899 ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲመረጡ በካዝናው የተገኘው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ሲሆን ዕዳም ነበረበት። በ1902 የማኅበሩን ጋዜጣ፣ በኖቬምበር 2 ቀን 1903 ደግሞ የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክን ከፈቱ። ባንኩ ከልብስ አጣቢዎችና ከልጆች ጭምር ጥቂት ሳንቲሞችን ይቀበል ነበር። በዚህ ገንዘብ ለቤት መግዣ ያበድር ስለነበር እስከ 1920 ድረስ ወደ 600 የሚጠጉ ቤቶች በእርሱ እርዳታ ተገዝተዋል።

መደብሩ

በ1905 ማኅበሩ በብሮድ ጎዳና ትልቅ መደብር ከፈተ፤ በሻጭነትም ጥቁር ሴቶችን ቀጠረ። ነጭ ነጋዴዎች በመጀመሪያ ሕንጻውን በትርፍ ዋጋ ሊገዙት ሞከሩ፤ እምቢ ሲባሉ ጅምላ አከፋፋዮች ዕቃ እንዳይሸጡለት ግፊት አደረጉ። ብዙ ጥቁር ገዢዎችም ከነጮች ሱቅ መገብየታቸውን ስላልተዉ መደብሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ባንኩ ግን ቀጠለ።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1915 ልጃቸው ራስል አባቱን ሌባ መስሎት በስሕተት ተኩሶ ገደለ። ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብተውም ተቃዋሚዎቻቸው በዚህ ምክንያት እናትየውን ከሥልጣን ለማውረድ ሞክረው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ኋላ በሕመም መራመድ ሲያቅታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጀመሪያ ባንካቸው ከሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር እንዲዋሐድ አደረጉ፤ በዚህም ከመዘጋት ተርፎ እርሳቸው የቦርዱ ሰብሳቢ ሆኑ።

በዲሴምበር 15 ቀን 1934 በሪችመንድ አረፉ። የኖሩበት ቤት ዛሬ በብሔራዊ ታሪካዊ ቦታነት ይጠበቃል፤ በ2017ም በብሮድ ጎዳና ሐውልታቸው ቆሟል።