የኮሶ ሻጯ ልጅና የጋፋት ወጣቶች



ከእኛ መካከል አራዳ ገበያ ቁጭ ብላ በርበሬ፣ ጌሾ ወይም ሽንኩርት ቸርችራ ልጅ ያሳደገች ብዙ ናት። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊትም በዚህችው በጎንደር አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ኮሶ እየሸጠች ልጇን ታሳድግ እንደነበር ይነገራል። ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ልጃቸው ካሣ ኃይሉ ሲሆን፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለው ነው። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ሰምተናል። እኔ ዛሬ የማነሣው ሙያ ለማስተማር ያደረጉትን ጥረት ነው።

ካሣ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞቱ እናቱ ወደ ጎንደር መጡ። ልጁም በጎንደርና በጣና መካከል በሚገኘው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ። ገዳሙ በጦር ሲዘረፍ አምልጦ ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ። ካደገ በኋላ ሸፍቶ በቆላው ኖረ። ስሙ ሲገን መኳንንቱ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ጀመር። የእናቱ ሥራ በዘመኑ የተናቀ ነበርና ስድቡ የልብ ቁስል ሆነበት። እንዲህ ብለው የፎከሩበትን ደጃዝማች ወንድይራድን ድል አድርጎ ሲማርካቸው ኮሶ እንዳጠጣቸው እስከ ዛሬ ይተረካል።

ሐሳቡን የለወጠው ግን ሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ተዋጋ። ይህ የሰሜኑ ደባርቅ ሳይሆን በሱዳን በኩል ያለው ቦታ ነው። የካሣ ሰዎች በጀግንነት አላነሱም። የግብፆች ጦር ግን የሠለጠነ ነበር፤ ምሽግና መድፍም ነበረው። ካሣ ቆስሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ዕውቀት የሌለው ጉልበት የትም እንደማያደርስ ገባው።

በ1847 ዓ.ም. በሰሜን ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዓ መንግሥት ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በዘመናቸው ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ይናቅ ነበር። ወለቃ የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻና ጀበና እየሠሩ ጎንደርን ሲያገለግሉ ቡዳ ይባሉ ነበር። በዚህ ዘመን ንጉሡ መንገድ ሲሠራ ከሰው ቀድመው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ይህን ያየ መኳንንት ቆሞ ማየት አልቻለም።

ከሁሉ የሚበልጠው የጋፋት ሥራ ነው። ጋፋት በደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለች ቦታ ናት። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ፣ የእጅ ሙያም ያላቸው አውሮፓውያን ነበሩ። ንጉሡ እነርሱን በጋፋት አስቀምጠው ማቅለጫና መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነርሱ ሥር ሆነው ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያም ጋር የእጅ ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። ፊደልና መዶሻ በአንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው። ዛሬ ቴክኒክና ሙያ የምንለው ትምህርት በአገራችን አንዱ ጅማሬ ይህ ነው።

ሙያተኞቹ መድፍ እንዲያቀልጡ ሲታዘዙ የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈ። ንጉሡ ግን እንደገና እንዲሞክሩ አዘዙ። በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በብዙ ሰው ጉልበት ሲጎተት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ።

እህቶቼ፣ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። ንጉሡ ለእንግሊዟ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ ያለ መልስ ሲቀር ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ወገናቸውንም በቁጣ ቀጡ። በ1859 ዓ.ም. የእኛን ጎንደርን ዘረፏት፣ አቃጠሏት። የአያቶቻችን አብያተ ክርስቲያናት ንዋያተ ቅድሳት ተወሰዱ። እናታቸውን ያስጠለለች ከተማ በእሳቸው እጅ ነደደች። እኛ ጎንደሬዎች ስናደንቃቸውም ይህን አንረሳም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን አጠፉ።

አውሮፓውያኑ ሙያተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ጋፋትም ተዘጋ። እኔን የሚያሳዝነኝ የእነዚያ ወጣቶች ነገር ነው። የመድፉን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ አዲስ አበባ ላይ አምሳያው ቆሟል። የተማሪዎቹን ስም ግን የሚጠራ የለም። ትምህርቱ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ፣ ከእርሻና ከቤት ሥራ ይልቅ ለጦር የዋለ ነበርና፣ ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

ይህን የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። የእኔ ልጅ ከቀሩት አንዷ ናት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት የብረታ ብረት ሙያ ልመዝገብ አለችኝ። ጎረቤት ለሴት ልጅ ብየዳ ምን ይሆናል አለ። እኔም መጀመሪያ አፍሬ ዝም አልኩ። ኋላ ግን የኮሶ ሻጯ ልጅ ትዝ አለኝና በራሴ አፈርኩ። ሙያ መናቅ የቆየ በሽታችን ነው፤ ልጆቻችን ላይ ልናስተላልፈው አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ልጆቻችን ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ወርክሾፕ ወስደን እናሳያቸው፤ ሙያ የወደቀ ሰው መጠጊያ ብቻ አይምሰላቸው። ሁለተኛ፣ ከመመዝገባችን በፊት በእጅ የሚሠሩበት ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ ልምምዱ የት እንደሆነ፣ የብቃት ምዘና መቼ እንደሚወስዱ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ስፌት ቤት፣ ምግብ ቤት ወይም ጋራዥ ያለን አባላት በዓመት አንዲት ሠልጣኝ ለልምምድ እንቀበል። ደጋፊዎቻችንም መሣሪያ ስትገዙልን የአሠልጣኟንና የጥገናውን ወጪ አብራችሁ አስቡልን።

ጋፋት በአንድ ንጉሥ ቆማ ከአንድ ንጉሥ ጋር ወደቀች። የእኛ ግን በብዙ እናቶች ትቁም።