ዲሚትሪዮስ ሉንድራስ

ዲሚትሪዮስ ሉንድራስ (1885 – 1970 እ.ኤ.አ.) የግሪክ ጂምናስትና የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በ1896 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ የኦሊምፒክ ጨዋታ በትይዩ ዘንግ የቡድን ውድድር ሲሰለፍ ዕድሜው 10 ዓመት ከ218 ቀን ነበር። ቡድኑ ሦስተኛ ስለወጣ፣ ዕድሜያቸው በውል ከሚታወቅ የኦሊምፒክ ባለ ሜዳልያዎች ሁሉ እስካሁን በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ደረጃ ሜዳልያ አልተሰጠም። የነሐስ ሜዳልያው በስሙ የተመዘገበው ውድድሩ ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ልደትና ዘመኑ

ሉንድራስ የተወለደው በአቴንስ ከተማ በ1877 ዓ.ም. መገባደጃ (ሴፕቴምበር 1885 እ.ኤ.አ.) ነው። በኢትዮጵያ ይህ ዘመን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀመጫቸውን በመቀሌ ያደረጉበት ጊዜ ነበር። ግሪክ ከኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ከወጣች ገና ስልሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። አቴንስም ከትንሽ ከተማነት ወደ ዋና ከተማነት እያደገች ነበር።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ በስፋት ከታወቁት የጂምናስቲክ ስልቶች አንዱ የጀርመኑ ስልት ነበር። የዚህ ስልት መሥራች ፍሪድሪሽ ሉድቪግ ያን (1778 – 1852 እ.ኤ.አ.) ነው። ያን በ1811 እ.ኤ.አ. በበርሊን አቅራቢያ ሐዘንሃይደ በሚባል ስፍራ ክፍት የመለማመጃ ሜዳ አዘጋጀ። ትይዩ ዘንግ፣ ማለትም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ያሉት መሣሪያ፣ የታወቀው በእሱ አማካይነት ነው። የመጀመሪያው የግሪክ ንጉሥ ኦቶ የባቫርያ ተወላጅ ስለነበር የጀርመኑ ስልት ወደ ግሪክ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

የአቴንስ የጂምናስቲክ ማኅበራት

በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. በአቴንስ የጂምናስቲክን ትምህርት በዋናነት ያስፋፋው መምህር ዮዓኒስ ፎኪያኖስ ነበር። ፎኪያኖስ በ1891 እ.ኤ.አ. ፓንሄሌኒዮስ የተባለውን የጂምናስቲክ ማኅበር መሠረተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1893 እ.ኤ.አ.፣ ብሔራዊ የጂምናስቲክ ማኅበር (በግሪክኛ ኤትኒኮስ ጂምናስቲኮስ ሲሎጎስ) ተቋቋመ። ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ከተማ ውስጥ የሚፎካከሩ ነበሩ። ሉንድራስ የተሰለፈው ለብሔራዊው ማኅበር ነው።

ማኅበራቱ ተማሪዎችንና ጎልማሶችን በአንድነት ያሠለጥኑ ነበር። ልምምዱ በአለቃ ትእዛዝ የሚመራ የጋራ እንቅስቃሴ ስለነበር ጀማሪው ከበሰለው ጎን ቆሞ እሱን እየተከተለ ይማራል። በትይዩ ዘንግ ላይ የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው በሁለት እጁ ተደግፎ ክንዱን ሳያጥፍ መቆየትን ነው። ከዚያ ትከሻውን ሳያላላ እግሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝን፣ በመጨረሻም ከዘንጉ ላይ ዘሎ በእግሩ መቆምን ይለማመዳል። የልጅ አካል ቀላል ስለሆነ ራሱን በእጁ መሸከም ከብዙ ጎልማሳ ይልቅ ይቀለዋል። ጂምናስቲክ ከሌሎች ስፖርቶች ይበልጥ ሕፃናትን ወደ ውድድር የሚስበው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የ1896 ኦሊምፒክ

የኦሊምፒክ ጨዋታን ለማደስ በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ውሳኔ ሲተላለፍ የመጀመሪያው አስተናጋጅ አቴንስ እንድትሆን ተመረጠች። ለዝግጅቱ ገንዘብ አስቸግሮ ነበር። ጥንታዊው የፓናቴኒያ ስታዲየም በዕብነ በረድ እንዲታደስ ወጪውን የሸፈነው በግብፅ እስክንድርያ በንግድ የበለጸገው ግሪካዊ ዮርጎስ አቬሮፍ ነው።

ጨዋታው የተከፈተው ሰኞ መጋቢት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. (ኤፕሪል 6 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.) ነው። ግሪክ በዚያን ጊዜ የዩልዮስን አቆጣጠር ትከተል ስለነበር ዕለቱ ለአቴንስ ሰዎች ማርች 25 ነበር፤ ይህም የነጻነት በዓላቸው ነው። ፋሲካ የዋለው በፊተኛው ቀን ስለነበር መክፈቻው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ማዕዶት በሚባለው ሰኞ ላይ ዋለ። ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ጊዜውን ለማመልከት ያህል፣ በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበው የጣልያን ጦር ምሽጉን ለቆ የወጣው በዚያው ዓመት በጥር ወር ነው። የዓድዋ ድል ደግሞ ከኦሊምፒኩ መክፈቻ 36 ቀን ቀደም ብሎ የካቲት 23 ቀን ተገኘ።

በጨዋታው ከ14 አገሮች የመጡ 241 ያህል ተወዳዳሪዎች ተካፈሉ፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የጂምናስቲክ ውድድሮች ስምንት ሲሆኑ እነሱም ዝላይ፣ እጀታ ያለው ፈረስ፣ ቀለበት፣ አግድም ዘንግ፣ ትይዩ ዘንግ፣ ገመድ መውጣት፣ እንዲሁም የአግድም ዘንግና የትይዩ ዘንግ የቡድን ውድድሮች ናቸው። ሁሉም የተካሄዱት በስታዲየሙ ውስጥ፣ በክፍት ሰማይ ሥር ነው።

የቡድኑ ውድድር

የትይዩ ዘንግ የቡድን ውድድር የተደረገው ሚያዝያ 2 ቀን 1888 ዓ.ም. (ኤፕሪል 9 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.) ነው። የቀረቡት ሦስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ከጀርመን፣ ሁለቱ ከአቴንስ። የቡድኑ አባላት በመሪያቸው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ እንቅስቃሴውን ይሠሩ ነበር። ዳኞቹ የሚመለከቱት የአሠራሩን ጥራት፣ የእንቅስቃሴውን ስምምነትና የስልቱን ክብደት ነበር። ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ጉድለቱ የሁሉም ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ በዚህ ሰልፍ ውስጥ መቆሙ እኩል ሥራ ይጠበቅበት እንደነበር ያሳያል።

የጀርመን ቡድን መሪ ፍሪትዝ ሆፍማን ሲሆን ከአባላቱ መካከል ካርል ሹማን፣ ሄርማን ቫይንጌርትነር፣ አልፍሬድ ፍላቶቭና የአጎቱ ልጅ ጉስታቭ ፌሊክስ ፍላቶቭ ይገኙበታል። ይህ ቡድን አንደኛ ወጣ። ፓንሄሌኒዮስ ሁለተኛ፣ ብሔራዊው ማኅበር ሦስተኛ ሆኑ። ከብሔራዊው ማኅበር ቡድን ስማቸው ተመዝግቦ የቆየው መሪው ዮዓኒስ ክሪሳፊስ፣ ዮዓኒስ ሚትሮፑሎስ፣ ፊሊፖስ ካርቬላስና ዲሚትሪዮስ ሉንድራስ ናቸው። ሚትሮፑሎስ በዚያው ዕለት በቀለበት ውድድር አንደኛ ወጥቷል።

በማግስቱ ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን በማሸነፉ የአገሩ ሕዝብ ትኩረት ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የትንሹ ጂምናስት ተሳትፎ በጊዜው እንደ ልዩ ነገር አልተቆጠረም።

የሜዳልያው ጉዳይ

በ1896 ኦሊምፒክ አንደኛ ለወጣ የብር ሜዳልያ፣ የወይራ ቅርንጫፍና የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው የነሐስ ሜዳልያ፣ የሎረል ቅርንጫፍና የምስክር ወረቀት ያገኛል። ለሦስተኛ የተመደበ ሽልማት አልነበረም። በሚያዝያ 8 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጉሥ ጊዮርጊስ 1ኛ ሽልማት ሲያድሉ ሦስተኛ ለወጣው ቡድን የተሰጠ ሜዳልያ የለም።

ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ለሦስቱ ደረጃዎች መስጠት የተለመደው ከ1904 እ.ኤ.አ. የሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ ጀምሮ ነው። በኋላ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የቀደሙትን ውጤቶች በዚሁ ሥርዓት ሲመዘግብ በ1896 ሦስተኛ የወጡት በሙሉ ባለ ነሐስ ተባሉ። ስለዚህ የሉንድራስ ክብረ ወሰን በስታዲየሙ ውስጥ በአንገት የተጠለቀ ሳይሆን በመዝገብ የተገኘ ነው። ሦስት ቡድኖች ብቻ በቀረቡበት ውድድር ሦስተኛ መውጣት መጨረሻ መሆን እንደሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ ግን ልጁ በውድድሩ የመሰለፉን እውነት አይቀንሰውም።

በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ የሆላንድ ቀዛፊዎች መሪያቸው ስለከበዳቸው በምትኩ አንድ ፈረንሳዊ ልጅ በጀልባቸው አስቀምጠው አሸንፈዋል። የልጁ ማንነትና ዕድሜ በእርግጠኝነት ስላልታወቀ ክብረ ወሰኑ በሉንድራስ ስም ጸንቷል።

የባሕር ኃይል ሕይወት

ሉንድራስ ካደገ በኋላ በኦሊምፒክ ዳግመኛ አልተወዳደረም። የግሪክ ባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ በማገልገል እስከ አድሚራልነት ማዕረግ ደረሰ። ስታዲየሙን ያሳደሰው አቬሮፍ ሲሞት በተወው ውርስ የተገዛው የጦር መርከብ በስሙ ተጠርቶ በ1912 እና በ1913 እ.ኤ.አ. በባልካን ጦርነት የግሪክ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ ነበር። የአንድ ነጋዴ ሀብት ልጁ የተወዳደረበትን ሜዳም ሆነ በኋላ የተቀላቀለውን ባሕር ኃይል አገልግሏል ማለት ነው።

ሉንድራስ በየካቲት 1962 ዓ.ም. (1970 እ.ኤ.አ.) በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ስፒሪዶን ሉዊስ ባሸነፈበት የማራቶን ውድድር አበበ ቢቂላ በ1960 እና በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ማሞ ወልዴ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ወርቅ ሲያስገኙ እሱ በሕይወት ነበር።

የውድድር ጓደኞቹ ዕጣ

የቡድኑ መሪ ዮዓኒስ ክሪሳፊስ በኋላ የስዊድንን የጂምናስቲክ ስልት ወደ ግሪክ ትምህርት ቤቶች ያስገባ የአካል ማጎልመሻ መምህር ሆነ። ከጀርመን ቡድን አልፍሬድና ጉስታቭ ፌሊክስ ፍላቶቭ አይሁዳውያን ስለነበሩ ናዚዎች ወደ ቴሬዚንሽታት ማጎሪያ አጋዟቸው። አልፍሬድ በ1942፣ ጉስታቭ ፌሊክስ በ1945 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞቱ። ሁለቱም ለጀርመን የኦሊምፒክ አሸናፊዎች መሆናቸው አላዳናቸውም።

ክብረ ወሰኑና የዕድሜ ገደብ

ከሉንድራስ በኋላም ሕፃናት በኦሊምፒክ ጂምናስቲክ ተወዳድረዋል። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በጂምናስቲክ በተሰለፉበት በ1928 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም ኦሊምፒክ የ11 ዓመቷ ጣልያናዊት ሉዊጂና ጃቮቲ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳልያ አገኘች። በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የ14 ዓመቷ ሩማንያዊት ናዲያ ኮማነች ፍጹም 10 ነጥብ ስታገኝ ብዙ አገሮች ልጆችን ገና በለጋ ዕድሜያቸው ማሠልጠንን አጠናከሩ።

የስልቱ ክብደት እየጨመረ ሲሄድ አደጋውም ጨመረ። የ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው የሶቪየት ጂምናስት ኤሌና ሙኪና የ1980 ኦሊምፒክ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት በልምምድ ላይ አንገቷ ተሰብሮ አካሏ ሽባ ሆነ። ከዚህም ሌላ አጥንቱ ገና እያደገ ያለ ልጅ የማያቋርጥ ከባድ ልምምድ ሲሠራ የአጥንቱ የማደጊያ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ለሴቶች ዝቅተኛውን ዕድሜ በ1981 እ.ኤ.አ. ከ14 ወደ 15፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 16 አሳደገ። ቻይና በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ያገኘችውን የቡድን ነሐስ በ2010 እ.ኤ.አ. የተነጠቀችው ከተወዳዳሪዎቿ አንዷ ከተፈቀደው ዕድሜ በታች ስለነበረች ነው።

በዚህ ደንብ መሠረት በጂምናስቲክ የሉንድራስን ክብረ ወሰን መስበር አይቻልም። በአቴንስ በአሥር ዓመቱ በኦሊምፒክ ዘንግ ላይ የተሰለፈው ልጅ ዛሬ ቢኖር፣ ልምምዱን በትዕግሥት እየቀጠለ ተራው እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቅ ነበር።