ሄንሪ ዳርሲ፤ የአሸዋን ጠባይ በቁጥር የለካው መሐንዲስ

የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያዎች የሚሠሩበትን መሠረታዊ ሕግ ያወጣው ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1803 በፈረንሳይ አገር በዲዦን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ቢሆንም፣ በእናቱ ብርታት ትምህርቱን ቀጥሎ በፓሪስ የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤት ገብቶ መሐንዲስ ሆነ።

በዚያ ዘመን የዲዦን ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ የቆሸሸ ነበር። ዳርሲ የሮዝዋርን ምንጭ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዝግ ቦይ፣ ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ እያወረደ በ1840 ከከተማው አደረሰው። ለዚህ ሥራው ሊከፈለው የሚገባውን ገንዘብ ግን አልተቀበለም።

ከ1848ቱ አብዮት በኋላ ከዲዦን እንዲነሣ ተደርጎ በፓሪስ የውኃ ሥራን መራ። ጤናው ስለ ታወከ ኃላፊነቱን ከለቀቀ በኋላም አላረፈም። በ1855 እና በ1856 በዲዦን ሆስፒታል ውስጥ በቆመ የብረት ቱቦ አሸዋ ሞልቶ ውኃ እያሳለፈ ለካ። የሚያልፈው የውኃ መጠን በከፍታ ልዩነቱና በቱቦው የውስጥ ስፋት ልክ እንደሚጨምር፣ በአሸዋው ውፍረት ልክ ደግሞ እንደሚቀንስ ተረዳ። ከዚህ የሚተርፈው ቁጥር የአሸዋው የራሱ ጠባይ ነው፤ ዛሬ የውኃ አሳላፊነት መጠን ይባላል። ግኝቱን በ1856 ስለ ዲዦን የውኃ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ አሳትሞ በ1858 መጀመሪያ በፓሪስ ዐረፈ።

ሕጉ ከአሸዋ ይነሣ እንጂ፣ ስንጥቁ በበዛበትና ፍሰቱ በዘገየበት አለትም ይሠራል። ቁጥሩ ግን ከቦታ ወደ ቦታ አይሻገርም። ከወሰን በላይ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ የትራካይት፣ የራዮላይትና የባዛልት አለት ስለሆነ፣ ውኃው የሚያልፈው በስንጥቁና በተፈረፈረው ክፍሉ ነው። ተቀራርበው የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ እጅግ የተለያየ ውኃ ሊሰጡ ይችላሉ። ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ በተገኘ ቁጥር የተመረጠ ፓምፕ ጉድጓዱ ከሚችለው በላይ ቀድቶ ቢያደርቀው፣ የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሚጠማውም ሕዝቡ ነው።

ስለዚህ የፓምፕ ሙከራ ግዴታ ይሆናል። ውኃው ለብዙ ሰዓታት በማይለዋወጥ መጠን እየተቀዳ የወለሉ መውረድ በየጊዜው ይመዘገባል። ከዚያ የሚሰላው ጠቅላላ አሳላፊነት ለውኃ አዘሉ ንብርብር ውፍረት ሲካፈል የዳርሲ ቁጥር ይገኛል። የፓምፑ ጥልቀትና አቅም የሚወሰነው በዚሁ ሙከራ ነው። ዳርሲ በመጨረሻ ዘመኑ ከሕመሙ ጋር እየታገለ የፈጸመው ተግባር ይኸው ነበር፤ ሳይለካ አልጻፈም።