ቅዱስ አውግስጢኖስ መስማትን እንደ ተማረ

ቅዱስ አውግስጢኖስ በሰሜን አፍሪካ፥ ዛሬ አልጄሪያ በሚባለው አገር፥ ታጋስታ በምትባል ከተማ በ354 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተወለደ። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች፤ ስለ ልጅዋም ዘወትር በእንባ ትጸልይ ነበር። ልጁ ብልህ ስለ ነበረ የንግግር ጥበብን ተማረ። ይህ ጥበብ በዳኞችና በሹማምንት ፊት ቆሞ ቃልን በማሳመር ማሸነፍ ነው፤ ክብርና ገንዘብም ይገኝበት ነበር። በ384 ዓመት ንጉሡ ይቀመጥበት በነበረው በሚላኖ ከተማ የዚህ ጥበብ መምህር ኾኖ ተሾመ። ንጉሡን በአደባባይ ማወደስም ከሥራው አንዱ ነበረ፤ በውዳሴውም ብዙ ሐሰት እንደ ነበረበት በኋላ ራሱ ተናዟል።

የሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ነበረ። አውግስጢኖስ ስብከቱን ሊሰማ ይሄድ ጀመር፤ ነገር ግን አንድ አንጥረኛ የሌላውን አንጥረኛ ሥራ ሊመለከት እንደሚሄድ ኾኖ ነው። አነጋገሩን ይመዝናል እንጂ ነገሩ አይገደውም ነበር። እንዲህ ያለው መስማት በእኛም ዘንድ አለ፤ የመሪጌታውን ድምፅ እያደነቀ፥ ቃሉን ሳያስተውል ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ኾኖም ቃሉን ሲያደንቅ ነገሩም ሳያውቀው አብሮ ወደ ልቡ ይገባ ነበር።

በ386 ዓመት በአንድ አትክልት ቦታ ኾኖ ስለ ኃጢአቱ ሲያለቅስ፥ ከጎረቤት ቤት የሕፃን ድምፅ መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ የሚያዝ ቃል ደጋግሞ ሲያዜም ሰማ። ያን ጊዜ አባ እንጦንስ በቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ወንጌል ለእርሱ ብቻ እንደ ተነገረ ቈጥሮ ገንዘቡን ለድኆች እንደ ሰጠ አሰበ። ተነሥቶም የቅዱስ ጳውሎስን መልእክት አነበበ፤ ልቡም ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የመምህርነቱን ሹመት ተወ። ምን እንዲያነብ አምብሮስዮስን በደብዳቤ ጠየቀው፤ እርሱም ትንቢተ ኢሳይያስን አዘዘለት። ያ ሁሉ ትምህርት የነበረው ሰው ግን መጀመሪያውን ሲያነብ አልገባውምና መጽሐፉን ለሌላ ጊዜ አስቀመጠው።

በ387 ዓመት ዐቢይ ጾም ሲደርስ ስሙን ከሚጠመቁት ጋር አስጻፈ። ዕድሜው 32 ነበረ። ልጁ አዴዎዳጦስና ወዳጁ አሊጲዮስም ከእርሱ ጋር ነበሩ። በጾሙ ወራት ተጠማቂዎች ኤጲስ ቆጶሱ ስለ ቀደሙት አባቶች ሕይወት ሲያስተምር ይሰሙ ነበር። እኛ ጸሎተ ሃይማኖት የምንለውን የሚመስል አጭር የእምነት ቃልም ይቀበሉ ነበር፤ ይህንም መጻፍ ክልክል ስለ ነበረ በጆሮ ሰምቶ በልብ መያዝ ነበረባቸው። በአገራችንም ማታ ማታ የቃል ትምህርት ሲነገር ልጁ መጽሐፍ ሳይገልጥ የየኔታን አፍ ብቻ ይከተላል። አሁን ግን እንዲህ የተቀመጠው ንጉሥን በንግግሩ ያስደስት የነበረ ሊቅ ነው።

ስለ ጾም ስንናገር ስለ ሥጋና ስለ ወተት ብዙ፥ ስለ ምላስ ጥቂት እንናገራለን። ለአውግስጢኖስ ከመብል ይልቅ ይህ የምላስ ጾም የከበደው ይመስለኛል። ዝምታውም ጸሎት ነበረ፤ የሚለምን ሰው የራሱን ጉዳይ ወደ እግዚአብሔር ያቀርባልና፥ የሚሰማ ግን የእግዚአብሔርን ጉዳይ ለመቀበል ራሱን ዝም ያሰኛል።

በፋሲካ ሌሊት ከአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። በእነዚያ ቀኖች በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር እየሰማ ያለቅስ ነበር፤ አሁን የዜማው ጣዕም ብቻ ሳይኾን እውነቱ ወደ ልቡ ይፈስስ ነበርና። እናቱም የልመናዋን ፍሬ አይታ በዚያው ዓመት ዐረፈች።

በ391 ዓመት ሂጶ በምትባል ከተማ ሕዝቡ ይዘው ሳይወድ ቄስ አስደረጉት። ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ዋሌርዮስ እንዲሰብክ ሲሻ፥ አውግስጢኖስ መጻሕፍትን እንዲማር እስከ ፋሲካ ጊዜ ይሰጠው ዘንድ በደብዳቤ ለመነ። አፉ የሠለጠነ ሰው ኾኖ ሳለ ገና ሳልሰማ እንዴት እናገራለሁ ብሎ ፈራ። ከዚያ በኋላ ግን ቄስም ኤጲስ ቆጶስም ኾኖ 40 ዓመት ያህል ሰበከ።

በ430 ዓመት ቫንዳሎች ሂጶን ከብበው ሳሉ ታመመ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙራት ጽፈው ባልጋው አጠገብ በግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉለት አዘዘ። ሐኪሞች ከሚመጡበትና ምግብ ከሚቀርብበት ሰዓት በቀር ማንም እንዳይገባ ለመነ። አሥር ቀን ያህል መዝሙራቱን እየተመለከተና እያለቀሰ ብቻውን ቈየ፤ ከዚያም ወንድሞች ቆመው ሲጸልዩ ዐረፈ።