ኤሚል ጋኛን፦ የጠላቂዎችን ትንፋሽ የመጠነው መሐንዲስ

ከባሕር በታች የሚሠራ ሰው ሕይወቱ በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፤ በጀርባው በተሸከመው የታመቀ አየርና ያንን አየር በልክ በሚያቀብለው አነስተኛ መሣሪያ። መሣሪያው በተለምዶ ሬጉሌተር ይባላል። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ሲነሣ በሕዝብ ዘንድ ቀድሞ የሚጠራው የፈረንሳዩ የባሕር ኃይል መኮንን የዣክ ኢቭ ኩስቶ ስም ነው። ቫልቩን የሠራው ግን ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ ነበር። የእርሱ ሕይወት አስተማማኝና ጥገና የማያበዛ መሣሪያ እንዴት እንደሚገኝ ስለሚያስረዳ፣ ከጠላቂዎች አልፎ ለሙያ ባልደረቦች ሁሉ ጠቃሚ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋኛን በ1900 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ ኤር ሊኪድ በተባለው ታላቅ የጋዝ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ከፍተኛ ግፊት ያላቸውን ጋዞች የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎችን በመንደፍ ሥራ ላይ ተሰማራ። ቫልቭ፣ ሞላና ዲያፍራም የዕለት ተዕለት ሥራው ነበሩ።

በውኃ ውስጥ የመተንፈስ ችግር ምን እንደሆነ መረዳት የጋኛንን ሥራ ዋጋ ለመገመት ያስችላል። ጠላቂው 10 ሜትር በወረደ ቁጥር በአካሉ ላይ የሚያርፈው ግፊት በአንድ አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል በላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል። የሰው ደረት ደካማ በመሆኑ፣ የሚስበው አየር ግፊት በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት ጋር ካልተስተካከለ መተንፈስ አይችልም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከ100 አትሞስፌር በላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ይህን ታላቅ ግፊት ዝቅ አድርጎ፣ ጠላቂው በደረሰበት ጥልቀት ልክ፣ በሚስብበት ጊዜ ብቻ ማቅረብ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ጋኛን የመጀመሪያው አልነበረም። በ1860ዎቹ ቤኑዋ ሩኬሮል የተባለ ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከኦጉስት ደኔሩዝ ጋር በመሆን በዲያፍራም የሚሠራ የመተንፈሻ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን በዘመኑ ብዙ አየር አምቆ የሚይዝ ጠንካራ ሲሊንደር ስላልነበረ፣ ጠላቂው ከላይ በፓምፕ ከሚላክለት አየር ሊላቀቅ አልቻለም። በኋላም በ1930ዎቹ ኢቭ ለ ፕሪየር ከፍተኛ ግፊት ያለውን ሲሊንደር ለመጥለቅ ተጠቀመበት፤ ይሁን እንጂ አየሩ በእጅ በሚከፈት ቫልቭ ሳያቋርጥ ስለሚፈስ አብዛኛው በከንቱ ይባክን ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ቤንዚን ጠፋ፤ መኪናዎችም በጋዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ጋኛን ሞተሩ በሚስበው መጠን ጋዝ የሚያቀብል አነስተኛ ቫልቭ የሠራው በዚህ ምክንያት ነበር። በታኅሣሥ 1942 ኩስቶ በኤር ሊኪድ ባለሥልጣን በነበሩት አማቱ አማካይነት ፓሪስ ውስጥ ከጋኛን ጋር ተገናኘና የሚፈልገውን አስረዳው። ጋኛን ለሞተር የሠራው ቫልቭ ለሰው ሳንባም ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ተገነዘበ።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። የዲያፍራሙ አንድ ወገን ከውኃ ጋር፣ ሌላው ወገን ጠላቂው ከሚስበው አየር ጋር ይገናኛል። ጠላቂው አየር በሳበ ጊዜ በውስጥ በኩል ያለው ግፊት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ውኃው ዲያፍራሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ዲያፍራሙም ሌቨሩን ተጭኖ ቫልቩን ይከፍታል። ግፊቶቹ ሲተካከሉ ቫልቩ ይዘጋል። ጥልቀቱን የሚለካው ራሱ ውኃው ስለሆነ የጠላቂው እጅ አያስፈልግም።

በጥር 1943 መሣሪያው ከፓሪስ ወጣ ብሎ በማርን ወንዝ ተፈተነ። ኩስቶ አግድም ሲዋኝ በሚገባ ሠራ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ ያለ ልክ ይፈስስ ጀመር፤ ራሱን ወደ ታች ሲዘቀዝቅ ደግሞ ትንፋሽ አጠረው። ሁለቱ ሰዎች ወደ ፓሪስ ሲመለሱ ምክንያቱን ደረሱበት። የትንፋሹ መውጫ ከአየሩ መግቢያ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ጠላቂው ሲቆም መውጫው ከፍ፣ ሲዘቀዝቅ ዝቅ ስለሚል በሁለቱ መካከል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱ የአንድ አትሞስፌር 70ኛ እጅ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሚዛኑን ለማፋለስ በቂ ነበር። መፍትሔውም ተጨማሪ ቫልቭ ወይም ሞላ ማስገባት አልነበረም፤ መውጫውን አምጥቶ ከዲያፍራሙ አጠገብ ማድረግ ብቻ ነበር። የተሻሻለው መሣሪያ በዚያው ዓመት በበጋ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ተልኮ ኩስቶ፣ ፊሊፕ ታዬና ፍሬዴሪክ ዱማ ሠሩበት። በጥቅምት ወር ዱማ 62 ሜትር ያህል ወረደ። ከጦርነቱ በኋላም መሣሪያው በሁለቱ ፈጣሪዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሴ-ዤ 45 ተብሎ ለገበያ ቀረበ።

በ1947 ጋኛን ከቤተሰቡ ጋር ወደ ካናዳ ተሻግሮ በሞንትሪያል ለኤር ሊኪድ ቅርንጫፍ መሥራት ቀጠለ። በዚያም በርካታ የመጥለቂያ መሣሪያዎችን ነደፈ። ኩስቶ በመጻሕፍቱና በፊልሞቹ ዓለም ሲያውቀው፣ ጋኛን ከመሥሪያ ጠረጴዛው አልተለየም።

ከፈጠራው ዘር የተገኘው በ1955 የወጣው ሚስትራል ሬጉሌተር የቀላልነትን ጥቅም በይበልጥ ያሳያል። ቀዳሚው ግፊቱን በሁለት ደረጃ ሲቀንስ፣ ሚስትራል በአንድ ደረጃ ብቻ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎቹ ጥቂት፣ ለመፍታትና ለመጠገንም የቀለለ ሆነ። ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ሲሊንደሩ እየጎደለ በሄደ ቁጥር የአተነፋፈሱ ስሜት ይለዋወጣል። በ1952 ግን ቴድ ኤልድሬድ የተባለ አውስትራሊያዊ በሜልቦርን ሁለቱን ደረጃዎች ለያይቶ፣ አንዱን በሲሊንደሩ ሌላውን በጠላቂው አፍ ላይ በማድረግ ባለ አንድ ቱቦ ሬጉሌተር ሠርቶ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይኸው አቀማመጥ ነው።

ሬጉሌተር ለመምረጥ የሚነሣ ሰው ከዚህ ታሪክ መመዘኛ ያገኛል። አንደኛ፣ የክፍሎቹ ቁጥር ሲያንስ ሊበላሽ የሚችለውም ያንሳል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ወዴት እንደሚያደላ መጠየቅ ይገባል፤ ዛሬ በተለመደው አሠራር የአፉ ቫልቭ በአየሩ ግፊት አቅጣጫ የሚከፈት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ቢያፈስ ትርፉ አየር በአፉ በኩል ይወጣል እንጂ ጠላቂውን አያፍነውም። ሦስተኛ፣ መለዋወጫው የማይገኝ፣ የሚፈታውም ባለሙያ በአቅራቢያ የሌለ መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢራቀቅ አስተማማኝ ሊባል አይችልም። አራተኛ፣ ጨው መሣሪያውን ስለሚጎዳ፣ ከባሕር በወጣ ቁጥር የአየር መግቢያውን ከድኖ በንጹሕ ውኃ ማጠብና በየጊዜው ማስመርመር ግዴታ ነው። ጥገና የማያበዛ ማለት ጥገና የማይፈልግ ማለት አይደለም።

ኤሚል ጋኛን በ1984 ዓ.ም. ዐረፈ። ከውኃ በታች ድልድይ የሚመረምረው፣ መርከብ የሚጠግነውና የሰጠመ ሰው የሚፈልገው ሠራተኛ ስሙን ላያውቀው ይችላል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚታመነው ግን ጋኛን ለመኪና ሞተር ብሎ በጀመረው ሐሳብ ላይ ነው።