አርኖልድ ሾንበርግ፤ በጥቂት መሣሪያ ብዙውን ያሰማ ሙዚቀኛ

ለታላቅ ኦርኬስትራ የተጻፈ ድርሰት ብዙ ጊዜ ሰማኒያና መቶ ሙዚቀኞች ያስፈልጉታል። ገንዘቡም ሙዚቀኛውም በጠፋ ጊዜ እንዲህ ያለው ድርሰት ምን ይሆናል? የጥያቄውን መልስ በአርኖልድ ሾንበርግ ሕይወት ውስጥ እናገኘዋለን።

ሾንበርግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ከአንድ ጫማ ነጋዴ ተወለደ። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ስለ ሞተ፥ ብዙ ሳይቈይ ትምህርቱን ትቶ በባንክ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠረ። ሙዚቃን ግን አልተወም፤ አብዛኛውን በገዛ ጥረቱ ተማረ። ከባንክ ከወጣም በኋላ የሌሎች ደራስያንን የቲያትር ዜማዎች ለኦርኬስትራ እያዘጋጀ የዕለት እንጀራውን ያገኝ ነበር። ይህ አድካሚ ሥራ የየመሣሪያውን ጠባይ ለማወቅ ሳይጠቅመው አልቀረም።

በ1913 ዓ.ም. እሱ በመራው አንድ ኮንሰርት ላይ አዲሱን ሙዚቃ የጠሉና የወደዱ ሰዎች ተደባደቡ፤ ኮንሰርቱም ሳይፈጸም ተቋረጠ። ሾንበርግ ይህን አልረሳም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃበት በ1918 ዓ.ም.፥ ቪየና ተርባና በርዷት ሳለች፥ አዲስ ሙዚቃ የሚያሰማ የግል ማኅበር አቋቋመ። በዚያ ማጨብጨብም ማፏጨትም ክልክል ነበር፤ የጋዜጣ ነቃፊዎችም አይገቡም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የራሱን ድርሰቶች እንኳ አላሰማም።

ማኅበሩ ኦርኬስትራ የሚቀጥርበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሾንበርግና ተማሪዎቹ ታላላቆቹን ድርሰቶች ለጥቂት ሰዎች አሳጥረው ሳይሆን አሸጋሽገው ጻፏቸው። ብዙ ቫዮሊኖች በሚጫወቱበት ስፍራ አንድ ብቻ አስቀመጡ። የበገናውን ሥራ ለፒያኖ ሰጡ። የፒያኖ ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ፥ ረጅሙን የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ለሃርሞኒየም አደረጉት፤ ይኸውም በእግር በሚረገጥ ወናፍ አየር እያገኘ ድምፁን ሳያቋርጥ የሚያቈይ የቁልፍ መሣሪያ ነው። የማህለር አራተኛ ሲምፎኒም በ1921 ዓ.ም. በዚህ ዓይነት ተሰማ። በብዙ ድምፅ መካከል የሚሸሸግ ስሕተት በጥቂቶቹ ዘንድ ስለማይሸሸግ፥ ልምምዱ እጅግ ጥብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ማኅበሩ ገንዘብ ሲቸግረው የዮሐን ስትራውስን አራት ዋልሶች እንዲሁ አዘጋጅተው ተጫወቱ። ሾንበርግ ቫዮሊን፥ ተማሪዎቹ ዌበርን ሴሎ፥ በርግ ሃርሞኒየም ያዙ፤ በእጃቸው የጻፏቸውንም ኖታዎች በጨረታ ሸጡ። ሆኖም የገንዘብ ዋጋ እየወደቀ ስለ ሄደ የቪየናው ማኅበር በዓመቱ መጨረሻ ሥራውን አቆመ። ሾንበርግ የጀመረው የማህለር «የምድር መዝሙር» ዝግጅትም ሳያልቅ ቀረ።

በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ ከበርሊን የማስተማር ሥራው ተባረረ፤ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በ1951 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ሞተ። የተወውን ዝግጅት በ1983 ዓ.ም. ሌላ ሙዚቀኛ ፈጸመው፤ ዛሬም ትንንሽ ጓዶች ይጫወቱታል።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው፥ የመሣሪያ ማነስ ለሥራ ማነስ ምክንያት እንደማይሆን ነው። በእጃችን ያለው ጥቂት ቢሆን፥ ጥቂቱ ምን እንደሚችል አስቀድመን ጠንቅቀን እንወቅ።