ጌ-ሉሳክ፤ ብርን በጨው ውሃ የመዘነው ሊቅ

በላቦራቶሪ ቢሬቱንና ፒፔቱን ይዞ ግራ የሚጋባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ከዦዜፍ ሉዊ ጌ-ሉሳክ ጋራ ሳያውቀው ተዋውቋል። ሁለቱን ስሞች በ1824 ባወጣው ጽሑፍ ለመለኪያ ዕቃዎቹ የሰጠ እርሱ ነውና። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጌ-ሉሳክ በ1778 በፈረንሳይ አገር፣ በሊሞዥ አጠገብ በምትገኝ ሴን ሌዮናር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር፤ አብዮቱ በተነሣ ጊዜም ተይዞ ታስሯል። ልጁ ግን በ1797 ፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባና የታላቁ ኬሚስት የቤርቶሌ ረዳት ለመሆን በቃ።

በወጣትነቱ ደፋር ነበር። በ1804 ብቻውን በባሉን ወደ 7,000 ሜትር ገደማ ወጣ፤ ይህም ከራስ ዳሽን ጫፍ እጅግ የሚበልጥ ከፍታ ነው። ከዚያ ያመጣውን አየር ቢመረምረው እምድር ካለው ጋራ አንድ ሆኖ አገኘው። በ1808 ፖታሲየም ሲሠራ በደረሰ ፍንዳታ ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ። ባለቤቱን ያገኛት የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቆማ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ስታነብ ነው ይባላል። በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይልቅ ዕድለኛ ነበር!

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የኋለኛው ሥራው ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ከመጠጥ ቀረጥ ይሰበስብ ስለ ነበር፣ በበርሜል ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንዳለ ማወቅ ግዴታ ነበረበት። ጌ-ሉሳክ በ1824 ተንሳፋፊ መለኪያውን አወጣ። በ15 ዲግሪ ሙቀት ንጹሕ ውሃን 0፣ ንጹሕ አልኮልን 100 አለው፤ ሙቀቱ ሲለወጥ የሚታረምበትንም ሰንጠረዥ ጨመረበት።

እዚህ ላይ ጀማሪው ይጠንቀቅ። የእርሱ መቶኛ የይዘት እንጂ የክብደት አይደለም። 40 የሚል መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 40 ሚሊ ሊትር አልኮል አለው ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሊትር አልኮል 0.79 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ አልኮሉ 31.6 ግራም ይሆናል። መጠጡ በሙሉ ደግሞ 95 ግራም ገደማ ይመዝናል። 31.6 ለ95 ሲካፈል በክብደት 33 በመቶ ብቻ ይመጣል። ደግሞም 50 ሚሊ ሊትር አልኮልና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢቀላቀሉ 100 አይሞሉም፤ ከ96 እስከ 97 ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ ክብደት ከክብደት ጋራ ይደመራል፤ ይዘትን ግን እንዲሁ መደመር ያሳስታል።

ጌ-ሉሳክ በ1829 በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የብርን ጥራት እንዲመረምር ተሾመ። የቀድሞው ዘዴ በእሳት ማንጠር ነበር፤ እርሱም የብሩን መጠን በሺህ ጥቂት እያሳነሰ ያሳይ ነበር። ጥቂት ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ በሺህ 3 ቢሆን ከአንድ ቶን ብር ላይ 3 ኪሎ ብር ነው። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ መንግሥትን ያለ ድካም ሊያራቁት ይችላል።

እርሱ በ1832 ያወጣው ዘዴ እንዲህ ነው። 100 ሚሊ ሊትሩ ልክ 1 ግራም ብር የሚያዘቅጥ የጨው ውሃ አዘጋጀ። ሁለተኛውን ብጥብጥ ደግሞ ከዚሁ አንዱን እጅ ወስዶ በውሃ ዐሥር እጥፍ በማድረግ አቀጠነው፤ የዚህ አንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ብር ያዘቅጣል።

ምሳሌውን ከአገራችን እንውሰድ። ከ1894 ጀምሮ በዚያው በፓሪስ ማተሚያ ቤት የተሠራው የምኒልክ ብር ከሺህ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። 1 ለ0.835 ሲካፈል 1.198 ስለሚሆን፣ 1.198 ግራም ያህል ቆርጠን በናይትሪክ አሲድ ብናሟሟው 1 ግራም ብር ይኖረዋል። 100 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ስንጨምርበት ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ከዚያ ቀጭኑን ብጥብጥ በሚሊ ሊትር እየጨመርን እናያለን፤ ፈሳሹ ከደፈረሰ ገና ብር አለ፣ ካልደፈረሰ አልቋል። የጨመርናቸውን ሚሊ ሊትሮች መቁጠር የትርፉን ብር ሚሊ ግራም መቁጠር ነው። ማካፈልም ማባዛትም አያሻም።

በዛሬው አነጋገር የመጀመሪያው ብጥብጥ በሊትር 5.42 ግራም ጨው አለበት። የጨው አንድ ሞል 58.44 ግራም ስለ ሆነ፣ 5.42 ለ58.44 ሲካፈል በሊትር 0.0927 ሞል ነው፤ የሁለተኛው የዚህ ዐሥረኛ፣ 0.00927 ነው። ጌ-ሉሳክ ሞል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። መለኪያውን ከሚፈልገው መልስ ጋራ አስማምቶ መሥራት ግን ያውቅ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ከባሉኑ ይልቅ የሚደነቀው ይህ ነው።

ጌ-ሉሳክ በግንቦት 1850 ፓሪስ ሞተ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ። በአንዳንድ አገሮች የመጠጥ ጠርሙስ ላይ የስሙ ሁለት ፊደላት የአልኮሉን ዲግሪ ተከትለው ሲጻፉ ኖረዋል።